የበጋ ደስታዎን ሲመርጡ፦ መጋገር፣ አትክልት ማልማት ወይስ ጉዞ?

አንድ በጋ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ሞከርኩ። በመስኮቴ ሥር ስድስት የቲማቲም ችግኞችን በማሰሮ ተክዬ ነበር። በወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ በየቀኑ ዱቄትና ውሃ የሚጨመርለት እርሾ በብልቃጥ ተቀምጧል። የአሥር ቀን ጉዞ ስለነበረብኝ ሻንጣዬም ተሰናድቷል። ስመለስ ችግኞቹ ደርቀው፣ እርሾው ሻግቶ አገኘኋቸው። ቲማቲሞቹ የመጀመሪያ ፍሬያቸውን መያዝ ጀምረው ስለነበር ለብዙ ቀናት አዘንኩ። ሦስቱም ቀላል ደስታዎች ናቸው ይባላል፤ እውነትም ናቸው። ከሰው የሚፈልጉት የጊዜ ዓይነት ግን እጅግ የተለያየ ነው፤ ያን በጋ ያጠፋሁትም ይህን ሳላስተውል በመቅረቴ ነው።

ሊጥ ሰዓታትን ይፈልጋል። ከተቦካ እስከ ተጋገረ ድረስ ብዙ ሥራ ባይኖረውም ከቤት ብዙ መራቅ አይቻልም። አትክልት በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል፤ ነገር ግን ለሳምንታት ሳይቋረጥ። ጉዞ ደግሞ ሙሉ ቀናትን ይወስዳል፤ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ሌላው ሁሉ ባለቤት አልባ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የትኛውን እወዳለሁ?» ሳይሆን «በዚህ በጋ በእጄ ያለው ጊዜ ምን ዓይነት ነው?» የሚለው ነው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚያርፍ ሰው መጋገርን ይምረጥ። ጠዋት ጠዋት ሩብ ሰዓት የማያጣ፣ ማታም ቤቱ የሚያድር ሰው አትክልት ያልማ። ተከታታይ ሁለት ሳምንት የተፈቀደለት ሰው ቢጓዝ ይሻለዋል፤ ማልማቱን ለሌላ ጊዜ ያቆየው።

ይህ የመጀመሪያው ማጥለያ ነው። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ውስጥ ያሉት ምርጫዎች ይመጣሉ።

ለሙቀት ቀን የሚስማማ መጋገር

እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ሙቀት ያጣድፈዋል፣ ቅዝቃዜ ያዘገየዋል። የዳቦ ሊጥ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት በደንብ ይነሣል። በበጋ ቀትር ግን የወጥ ቤት ሙቀት 32 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። በእንዲህ ያለ ቀን ሊጡ ቶሎ ኩፍ ይላል፤ ጣዕም ለማበጀት ጊዜ ሳያገኝ ይነሣና ትንሽ ከዘገዩበት መልሶ ይሟሽሻል። በብርድ ወራት በሚሠራበት መንገድ በበጋ ጋግረው ዳቦው እንደ ወትሮው አልሆን ያላቸው ሰዎች ጥፋቱን በዱቄቱ ላይ ይጥላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋተኛው ሙቀቱ ነው።

ለዚህ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ቀዝቃዛ ውሃ ተጠቅሞ፣ እርሾውን ቀንሶ በዚያው ቀን መጋገር ነው። ሁለተኛው፣ እኔ ከሁሉም የማስበልጠው፣ ሊጡን በማቀዝቀዣ ማሳደር ነው። ለ500 ግራም ዱቄት 325 ግራም ቀዝቃዛ ውሃ፣ 10 ግራም ጨውና 2 ግራም ፈጣን ደረቅ እርሾ ይበቃል። ማታ አቡክተው፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ውጭ አቆይተው፣ ክዳን ባለው ዕቃ ወደ ማቀዝቀዣው ያስገቡት። በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እርሾው ሥራውን አያቆምም፤ ያዘግመዋል እንጂ። ሊጡ ሌሊቱን ሙሉ ጣዕም ያጠራቅማል። ሁለት ቀን ቢቆይም አይበላሽም፤ እንዲያውም ይጣፍጣል። ጎሕ ሲቀድ አውጥተው ቅርጽ ያስይዙት፤ ሲነሣ በ230 ዲግሪ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ይጋግሩት። ፀሐይ ሳትበረታ ምድጃው ተዘግቶ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ቤቱ በዳቦ ሽታ ተሞልቶ ያገኙታል። መብሰሉን ለማወቅ ዳቦውን ገልብጠው ሥሩን በጣትዎ ያንኳኩት፤ ባዶ ሣጥን የሚመስል ድምፅ ከሰጠ በስሏል። ቴርሞሜትር ካለዎት መሐሉ 95 ዲግሪ አካባቢ መድረሱን ይዩ።

ከዱቄትና ከውሃ ብቻ የሚነሣው የቤት እርሾ ከገበያው ደረቅ እርሾ ጋር ሲነጻጸር የጣዕሙ ጥልቀት ይበልጣል፤ በዚህ አልከራከርም። ሆኖም በበጋ ሙቀት ውጭ ከተቀመጠ በቀን ሁለት ጊዜ መመገብ ይፈልጋል፤ ካላገኘ ይኮመጥጣል፣ ይደክማል። በማቀዝቀዣ ከሆነ በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃዋል። ቤትዎ የሚውሉ ከሆነ ይምረጡት፤ ወጣ ገባ የሚሉ ከሆነ ደረቁን እርሾ ይያዙ። ደረቅ እርሾ በመጠቀሙ ማንም ሊያፍር አይገባውም።

ኬክ ለመጋገር ያሰበ ሰው ምርጫው በቅቤና በዘይት መካከል ነው። የገበታ ቅቤ ከስኳር ጋር ተመትቶ አየር የሚይዘው ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ባለው ልስላሴ ነው። ከ32 ዲግሪ ጀምሮ ይቀልጣል፤ ከቀለጠ ደግሞ አየር መያዙ ቀረ ማለት ነው፤ ኬኩም ይጠቀጠቃል። ዘይት ይህ ችግር የለበትም፦ በአንድ ጎድጓዳ ሳህን በማንኪያ ተዋሕዶ ያልቃል፣ ኬኩም በማቀዝቀዣ ውስጥ እንኳ እርጥበቱን ይዞ ይቆያል፤ ዘይት እንደ ቅቤ በቅዝቃዜ አይጠጥርምና። በሞቃት ቀን ለኬክ ዘይት፣ ለብስኩት ግን ቅቤ እላለሁ። የብስኩት ጣዕም ከቅቤው ስለሆነ እዚያ ላይ መተካት አያዋጣም። ሊጡን ከመጋገርዎ በፊት ለግማሽ ሰዓት ቢያቀዘቅዙት በምድጃው ውስጥ ፈስሶ አይዘረጋም።

ቤኪንግ ፓውደር ለቸኮለ ሰው ትልቅ ውለታ የዋለ ነገር ነው። እንግሊዛዊው መድኃኒት ቀማሚ አልፍሬድ በርድ እ.ኤ.አ. በ1843 የሠራው ባለቤቱ እርሾ ያለበት ምግብ ስለማይስማማት ነበር። ለአንዲት ሴት ማዕድ ተብሎ የተፈጠረ ዱቄት ዛሬ በየቤቱ መደርደሪያ ላይ መገኘቱ ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል። አሠራሩን ማወቅም ይጠቅማል፦ እርጥበት እንዳገኘ ጋዝ ማውጣት ይጀምራል፤ ስለዚህ ከተደባለቀ በኋላ ሳይቆይ ወደ ምድጃ መግባት አለበት።

ምድጃ የሌለው፣ ወይም በሙቀቱ ምክንያት ማብራት ያልፈለገ፣ ከዳቦው ሊጥ ስስ ቂጣ አውጥቶ በጋለ መጥበሻ ላይ በየገጹ ሁለት ደቂቃ ቢጋግር ጥሩ ምግብ ያገኛል።

የተረፈውን ዳቦ ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ አያስቀምጡት። ዳቦ የሚደርቀው ውሃው ስለተነነ ብቻ ሳይሆን ስታርቹ መልሶ ስለሚጠጥር ነው፤ ይህ ደግሞ የሚፈጥነው በማቀዝቀዣ ቅዝቃዜ ነው። ለሁለት ቀን በጨርቅ ጠቅልለው ውጭ ያቆዩት፤ ከዚያ የሚበልጥ ከሆነ ቆራርጠው በረዶ ቤቱ ውስጥ ያስገቡት።

ማሰሮ ወይስ መሬት፣ ዘር ወይስ ችግኝ

ስለ አትክልት ስጽፍ እጄ አያቆምም፤ ብዙ ስሕተት የሠራሁትም ብዙ የተደሰትኩትም በዚህ ነው።

መሬት ያለው ሰው በመሬት ይትከል። ምክንያቱ ውሃ ነው። በመሬት ላይ ያለ ተክል ሥሩን ወደ ታች ሰዶ ትናንት የጠጣውን ዛሬም ያገኛል። በካሬ ሜትር በሳምንት 25 ሊትር ያህል ውሃ፣ በሁለት ጊዜ ተከፍሎ በደንብ እስኪሰርግ ቢጠጣ አብዛኛው አትክልት ይረካል። በየቀኑ ላዩን ብቻ ማርጠብ ግን ሥሩን ወደ ላይ ይጠራዋል፤ ላይ የቀረ ሥር ደግሞ በመጀመሪያው ኃይለኛ ፀሐይ ይቃጠላል። ማሰሮ ከዚህ የተለየ ነው። አፈሩ ጥቂት ነው፤ ግድግዳው በፀሐይ ይግላል፤ በሞቃት ቀን በየቀኑ፣ አንዳንዴም ጠዋትና ማታ ውሃ ይፈልጋል። የሸክላ ማሰሮ በግድግዳው በኩል እርጥበት ስለሚያስተነፍስ ሥሩን ቀዝቀዝ ያደርገዋል፤ ቶሎ መድረቁም ከዚያው የተነሣ ነው። ፕላስቲክ ውሃውን ይይዛል። ማጠጣት ለሚዘነጋ ፕላስቲክ፣ ማጠጣት ለሚያበዛ ሸክላ ይስማማዋል።

የማሰሮ መጠን ላይ መቆጠብ የጀማሪዎች ሁሉ ስሕተት ነው። ለአንድ የቲማቲም ተክል 20 ሊትር አፈር የሚይዝ፣ ሥሩ ቀዳዳ ያለው ዕቃ ያስፈልጋል። ለናና ወይም ለበሶብላ ከ3 እስከ 5 ሊትር ይበቃል። ናናን መሬት ላይ ከመትከልዎ በፊት ግን ደግመው ያስቡ፤ ሥሩ ከመሬት በታች እየሄደ መደቡን ሁሉ ይወርሰዋል። ከእኔ አትክልት ቦታ ነቅዬ ለመጨረስ ሁለት ዓመት ወስዶብኛል። ናና የማሰሮ ተክል ነው።

ዘር መዝራትና ችግኝ መትከልን ያነጻጸረ ሰው መልሱ እንደ ተክሉ ዓይነት መሆኑን ያያል። ካሮት ሥሩ ሲነካ ስለሚጣመም ከቦታው መዘዋወር አይወድም፤ ፎሶሊያ ደግሞ ቶሎ ስለሚበቅል መዘዋወሩ ትርፍ የለውም። ሁለቱንም እዚያው ይዝሩ። ቲማቲም ከዘር ተነሥቶ ለመተከል ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት፣ ከተተከለ በኋላ ለፍሬ ደግሞ ከ60 እስከ 80 ቀን ይፈልጋል፤ ስለዚህ በጋው ከገባ በኋላ የጀመረ ሰው ችግኝ ይግዛ። ሰላጣ በቀዝቃዛ ወቅት የዋህ ተክል ነው፤ በሙቀት ግን ዘሩ ራሱ ይተኛል። አፈሩ ከ27 ወይም ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ አልበቅልም ይላል። እኔ ዘሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ለአንድ ቀን ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድርና ማታ ጥላ ባለበት እዘራዋለሁ። ከበቀለም በኋላ ሙቀቱ ከበረታ ግንድ አውጥቶ ለአበባ ይቸኩላል፤ ቅጠሉም ይመራል። በኃይለኛ በጋ ሰላጣን መተው ሽንፈት አይደለም።

ታዲያ ምን ይተከል? ትዕግሥት ለሌለው ሰውና ለልጆች ራዲሽ፣ ሥሩ የሚበላው ትንሽ ቀይ አትክልት፣ የመጀመሪያው ነው፤ በ25 እና በ30 ቀን መካከል ይደርሳል። አንድ ልጅ ራሱ የዘራውን ቀይ ሥር ከአፈር ሲያወጣ ያለው ፊት በሌላ ነገር የማይገኝ ነው። ፎሶሊያ ከ50 እስከ 60 ቀን ይወስዳል፤ በተለቀመ ቁጥር ይጨምራል። ዝኩኒ ለጋስ ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ ከሁለት ተክል በላይ አያስፈልግም። በሶብላ ደግሞ ቦታ ለሌለው ሰው ከሁሉ ይሻላል። የላይኛውን ጫፍ ሁለት ቅጠል ከበቀለበት አንጓ በላይ በቀነጠሱት ቁጥር በሁለት ቅርንጫፍ ይመልሳል፤ ካበበ ግን ቅጠል መስጠቱ ይቀንሳል። የተቆረጠውን በማቀዝቀዣ ካስቀመጡት ይጠቁራል፤ እንደ አበባ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ያቁሙት።

ፀሐይን አስቀድመው ይቁጠሩ። ፍሬ የሚሰጡት ሁሉ በቀን ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት የቀጥታ ፀሐይ ይፈልጋሉ፤ ቅጠል የሚበላላቸው በሦስትና በአራት ሰዓትም ይኖራሉ። ጥላ ያለበትን በረንዳ ይዞ ቲማቲም ለመትከል መታገል ልብ ይሰብራል።

ቲማቲም ብዙ ሰው የሚመኘውና ብዙ ሰው የሚያዝንበት ተክል ስለሆነ ሁለት ነገር ልጨምር። የፍሬው ቂጥ ጠቁሮ ሲበሰብስ በሽታ ይመስላል፤ ዋናው መንስኤ ግን ያልተስተካከለ ውሃ ነው። ተክሉ ካልሲየም የሚያመላልሰው በውሃ ስለሆነ፣ ሦስት ቀን ደርቆ በአራተኛው ቀን ከጠገበ ፍሬው ይጎድልበታል። ከሚያበዙ ይልቅ ሳያቋርጡ ያጠጡ፤ አፈሩንም ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ደረቅ ሣር ወይም ገለባ ይጎዝጉዙት። ሁለተኛው፣ ቀኑ ከ32 ዲግሪ፣ ሌሊቱ ከ24 ዲግሪ በላይ ሲሰነብት አበባው ሳይቋጥር ይረግፋል። ይህ የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ ሙቀቱ ሲቀንስ ተክሉም ይመለሳል። ከ30 ዲግሪ በላይ ደግሞ ፍሬው በደንብ መቅላት ስለሚያቅተው፣ ግማሽ ሲቀላ ቆርጠው ቤት ውስጥ ቢያበስሉት ይሻላል።

ጉዞ፦ አጭር፣ ረጅም ወይስ እቤት ማረፍ

ደመወዝ የሚከፈልበት ዕረፍት በዓለም ደረጃ የሠራተኛ መብት ሆኖ የተጻፈው ከአንድ ሰው ዕድሜ ብዙም በማይርቅ ዘመን ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1936 ያወጣው ስምምነት ቢያንስ ስድስት የሥራ ቀናትን፣ በ1970 የወጣው ደግሞ ሦስት የሥራ ሳምንታትን ያስቀምጣል። ሰዎች ታግለው ያስገኙትን ቀን በአግባቡ መጠቀም እንደሚገባ አምናለሁ።

በአጭርና በረጅም ጉዞ መካከል ለሚያመነታ ሰው ሁለት የኔዘርላንድስ ጥናቶች የሚረዱ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመውና 1,530 ሰዎችን ያሳተፈው ጥናት ለጉዞ የሚዘጋጁ ሰዎች ከማይዘጋጁት ይልቅ ደስተኞች መሆናቸውን አገኘ፤ ከተመለሱ በኋላ ግን በሁለቱ መካከል እምብዛም ልዩነት አልነበረም፤ በጣም ዘና ብለው ካሳለፉት በቀር። ሌላው ጥናት 54 ሠራተኞችን በረጅም ዕረፍታቸው ተከታትሎ፣ የጤንነትና የደስታ ስሜታቸው ወደ ስምንተኛው ቀን ገደማ ከፍተኛው ላይ እንደደረሰ፣ ሥራ በተመለሱበት የመጀመሪያ ሳምንትም ወደ ነበረበት እንደወረደ አሳይቷል። ከሁለቱ የምረዳው ይህን ነው፦ ደስታው ከመሄድ በፊት ባለው ጉጉትም ስላለ፣ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ የሚጠበቅ ነገር ያለው ሰው ይጠቀማል። ያም ሆኖ ከድካም ለመላቀቅ አንድ ሳምንት ያህል ስለሚያስፈልግ፣ በጣም የዛለ ሰው የዓመቱን ቀናት በሁለትና በሦስት ቀን እየቆራረጠ ባይጨርሳቸው መልካም ነው።

እቤት ማረፍ ርካሽ አማራጭ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ያሳዝነኛል። አትክልትና ሊጥ ላለው ሰው ምናልባት ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለው፦ የቤት ሥራ ዝርዝር አብሮ አይግባ። ቁም ሣጥን ማስተካከልና ግድግዳ ማቅለም ከጀመሩ ዕረፍቱ እዚያው አለቀ።

የትኛው ከየትኛው ጋር ይሄዳል?

መጋገርና አትክልት የተዋደዱ ናቸው። ሊጡ በሚያርፍበት ሰዓት መደቡ ይጠጣል፤ ከመደቡ የተለቀመው በሶብላና ቲማቲም ከምድጃ በወጣው ዳቦ ላይ ይቀመጣል። መጋገርና ጉዞም ይስማማሉ፤ ከመሄድዎ በፊት እርሾውን መግበው በማቀዝቀዣ ቢያስቀምጡት ሁለት ሳምንት ይጠብቅዎታል። የማይስማሙት አትክልትና ረጅም ጉዞ ናቸው፤ በተለይ አትክልቱ በማሰሮ ከሆነ። ሁለቱን አጥብቆ የሚወድ ሰው ውሃ ብዙ የማይሻ ነገር ይምረጥ፤ የጥብስ ቅጠል ለዚህ የታመነ ነው።

ችግኙ አስቀድሞ ከተተከለና ጉዞው ከመጣ፣ ከሦስት ቀን በላይ ለሚቆይ መንገድ የሚያጠጣ ጎረቤት ይለምኑ፤ ከማንኛውም ዘዴ የሚሻል ሰው ነው። ሰው ከታጣ ማሰሮዎቹን ሁሉ ጥላ ባለበት አንድ ላይ አጠጋግተው ያስቀምጡ። ከእነሱ ከፍ ባለ ቦታ ባልዲ ውሃ አኑረው፣ የወፈረ የጥጥ ገመድ አንዱን ጫፍ በውሃው ውስጥ፣ ሌላውን በአፈሩ ውስጥ ጥልቅ አድርገው ይቅበሩ። ገመዱ ውሃውን ቀስ እያለ ያመጣዋል። ይህን ከመሄድዎ ከሦስት ቀን በፊት ሞክረው ባልዲው ምን ያህል እንደጎደለ ይለኩ። የደረሰውን ፎሶሊያና ዝኩኒ ሁሉ፣ ትንሹንም ሳይቀር፣ ለቅመው ይሂዱ፤ በተክሉ ላይ ዘር ያፈራ ፍሬ ከቀረ ተክሉ ተጨማሪ ማፍራቱን ያቀዘቅዛልና።

እኔ አሁን እንዲህ አደርጋለሁ። ከጉዞ የምመለሰው ሥራ ከመጀመሬ አንድ ሙሉ ቀን አስቀድሜ ነው። በደረስኩበት ምሽት ሻንጣውን ሳልፈታ ማሰሮዎቹን በውሃ በተሞላ ሰፊ ሳህን ውስጥ ለግማሽ ሰዓት አስቀምጣቸዋለሁ፤ በጣም የደረቀ አፈር ከላይ ሲያጠጡት ውሃውን በዳር በዳር ያሳልፈዋል እንጂ አይጠጣውም። እነሱ ከሥር እየጠጡ ሳለ ዱቄቱን እመዝናለሁ፣ ሊጡን አቡክቼ ወደ ማቀዝቀዣው አስገባለሁ፤ ከዚያ እተኛለሁ። ጠዋት ምድጃው እስኪግል ድረስ ወጥቼ የደረቁትን ቅጠሎች እቆርጣለሁ።